የጃፓን የተማሪ ምግብ፦ ከሥጋው በፊት መረቁ ይጠየቅ



የዚህ ወር የጤናና የምግብ አምዳችን ራቅ ወዳለ አገር ይወስደናል። የጃፓን መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ኢትዮጵያውያን ሲጠቀሙ ቆይተዋል። በተለይም በ2013 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዮኮሐማ በተካሄደው አምስተኛው የቲካድ ጉባኤ ለአፍሪካ ወጣቶች የማስተርስ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ ፕሮግራም ይፋ ከሆነ ወዲህ በሩ ሰፋ ብሏል። ልጁ ዕድሉን ባገኘ ማግስት ቤተሰብ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ስለ ትምህርቱ አይደለም። «እዚያ አገር ምን ይበላል?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ወደዚያ የሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጫፍ በአንዱ ላይ ይቆማሉ። አንዱ ሁሉንም ነገር ፈርቶ በነጭ ሩዝ፣ በዳቦና ሙቅ ውኃ በሚጨመርበት ፈጣን ኑድል ወራትን ይገፋል። ፈጣን ኑድሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ፍርፋሪ ወይም የአሳማ ቅመም እንዳለ አያውቅም፤ አትክልትና በቂ ፕሮቲን ከማጣቱም በላይ ከፈራው ነገር አልዳነም። ሌላው ደግሞ «ባዕድ አገር ነኝ፣ ዶሩራ ነው» ብሎ ያገኘውን ይበላል። ዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ውስጥ የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ እያለ ምን ዶሩራ አለ? ከሁለቱም ጫፍ የሚያድነው ምግቡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

በአገራችን እኛ የለመድነው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሥጋው የማን ነው?» እንላለን። ክርስቲያን ጎረቤታችን ቤት ስንጋበዝ ደግሞ የጾም ምግቡን እንበላለን፤ በዚያው ይበቃል። ሽሮው ሽሮ፣ ጎመኑም ጎመን ነው። በጃፓን ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ከፊት ለፊት የቀረበው ሳህን ጎመንና ካሮት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የተቀቀለበት መረቅ ግን ከአሳማ አጥንት የወጣ፣ ማጣፈጫው ደግሞ ከሩዝ የተጠመቀ አልኮል ሊሆን ይችላል። ሥጋ በዓይን ይታያል። መረቅና ሶስ አይታዩም። ለዲናችንም ለጤናችንም የሚያሳስቡን ሦስት ነገሮች ማለትም አሳማ፣ አልኮልና ከመጠን ያለፈ ጨው የሚደበቁት እዚያው ነው።

የተማሪዎቹ ከተማ

ለምሳሌነት ኪዮቶን እንውሰድ። ኪዮቶ ጥንታዊ የጃፓን መናገሻ ብቻ ሳትሆን የዩኒቨርሲቲዎች ከተማ ናት፤ ከነዋሪዋ ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ተማሪ እንደሆነ ይነገርላታል። ተማሪ ባለበት ደግሞ ርካሽ ምግብ አለ። ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የሂያኩማንቤን መስቀለኛ መንገድ ዙሪያ፣ ከዚያም ሰሜናዊ ምሥራቅ በኢቺጆጂ ሰፈር ትንንሽ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ኢቺጆጂ በተለይ በራመን ማለትም በመረቅ ውስጥ በሚቀርብ ኑድል የታወቀ ሰፈር ነው። በዚሁ ከተማ በ1967 የተጀመረ አንድ የታወቀ የጊዮዛ ድርጅት በደማቺ በነበረው ቅርንጫፉ፣ ገንዘብ ያጠረው ተማሪ ለ30 ደቂቃ ዕቃ ካጠበ በነጻ ያበላ ነበር። ቅርንጫፉ በ2020 ተዘግቷል። ደግነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ጊዮዛው ግን የሚሞላው በተፈጨ የአሳማ ሥጋ በመሆኑ ለእኛ ልጆች አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነጥብ ብናነሳ ይጠቅማል። ጃፓኖች ለብዙ መቶ ዓመታት የአራት እግር እንስሳት ሥጋ የሚበሉት በጥቂቱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት መይጂ በ1872 ሥጋ መብላታቸው ይፋ ሲደረግ ለሕዝቡ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ምግባቸው ዓሣ፣ ሩዝ፣ የባሕር አረምና አኩሪ አተር ነው። ተማሪ የሚወዳቸው ቶንካትሱ፣ ካሪ ራይስ፣ ራመንና ጊዮዛ ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ አሳማውም አብሮ መጣ። በአጭሩ የአያቶቻቸው ምግብ ከልጆቻቸው ምግብ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። የቡድሂስት መነኮሳት ሾጂን ሪዮሪ የሚባለው ምግብ ደግሞ ሥጋም ዓሣም የሌለበት፣ የእኛን አገር የጾም ምግብ የሚያስታውስ ነው። ሆኖም በኪዮቶ በውድ የሚሸጥ የቱሪስት ምግብ ሆኗል፤ አልኮል ያለበት ማጣፈጫም ሊገባበት ስለሚችል ያለ ጥያቄ አይበላም።

በማጣፈጫው ውስጥ ያለው አልኮል

አልኮሉን በሰፊው እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የጃፓን ወጥ ቤት ያለ ሚሪን አይሠራም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚሪን ከሩዝ የሚዘጋጅ ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን ትክክለኛው (ሆን ሚሪን የሚባለው) 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው። «ሚሪን ፉ» በሚል ስም የሚሸጠው ርካሹ ደግሞ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከሚሪኑ ጎን ሳኬ ማለትም የሩዝ መጠጥ ለማብሰያ ይጨመራል፤ አልኮሉ 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እነዚህ የዓሣ ወጥ፣ የዶሮ ጥብስ፣ የእንቁላል ጥብስ፣ የኑድል መረቅ ውስጥ ይገባሉ።

«ሲበስል ይተናል» የሚለው አባባል ከግማሽ በላይ እውነት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት በምግብ ላይ የተጨመረ አልኮል ለ15 ደቂቃ ተንተክትኮ 40 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ከተንተከተከ በኋላ እንኳ 5 በመቶ ያህል አለ። የተማሪ ምግብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል አይንተከተክም።

አኩሪ አተር ሶስ (ሾዩ) የተለየ ጉዳይ ነው። አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው ለወራት ሲብላሉ በራሱ ጊዜ 2 በመቶ ገደማ አልኮል ይፈጠርበታል። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ እንዳይሻግት ብሎ ከውጭ አልኮል ይጨምርበታል፤ ይህ ሲሆን በማሸጊያው ላይ «ሹሴይ» ወይም «አሩኮሩ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ ሚሶ ላይም እንዲሁ። በመብላላት በራሱ ስለሚፈጠር ጥቂት አልኮል፣ ሆን ተብሎ ስለሚጨመረውም፣ ወደ ሌላ ነገር ስለተለወጠውም (እንደ ኮምጣጤ) ዑለሞች በዝርዝር ተናግረዋል፤ ልዩነትም አላቸው። ብያኔው የእነሱ ነው። የዚህ አምድ ሥራ ውስጡ ምን እንዳለ መናገር ስለሆነ አንባቢያን የሚያምኑትን ዓሊም እንዲጠይቁ እንመክራለን። በጃፓን ሐላል ምልክት ያለው ሾዩ ይመረታል፤ ቤቱ የሚያበስል ተማሪ ከጥርጣሬው (ሹብሃው) በቀላሉ መውጣት ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚነሳው የነጭ ዱቄቱ ቅመም ነገር ነው። ፕሮፌሰር ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባሉ በኪዮቶ የተወለዱ ኬሚስት በ1908 ኮምቡ ከተባለ የባሕር አረም መረቅ ውስጥ ጣዕም ሰጪውን ግሉታሜት ለይተው አወጡ፤ አጂኖሞቶ የሚባለው ምርት የተወለደው ከዚያ ነው። በ2000 ማብቂያና በ2001 መጀመሪያ ላይ በኢንዶኔዥያ ከፍተኛ ውዝግብ ተነሳ፤ ቅመሙን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ነገር ሲዘጋጅ ከአሳማ የተገኘ ኤንዛይም ጥቅም ላይ መዋሉ ታወቀ። በመጨረሻው ዱቄት ውስጥ የአሳማ ነገር ባይገኝም የአገሪቱ የዑለማ ምክር ቤት ሐራም ብሎ በየነ፤ የወቅቱ ፕሬዚዳንት አብዱረህማን ዋሂድ ደግሞ አልተስማሙም። ኩባንያው ምርቱን ከገበያ ሰብስቦ አሠራሩን ለወጠ። ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ የሚያሳይ በመሆኑ ነው ያነሳነው።

ከየሳህኑ ምን ይመረጥ?

ራመን ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ቶንኮትሱ የሚባለው ነጭ መረቅ የአሳማ አጥንት ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። «የዶሮ ነው» የሚባለውም ቢሆን ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይደረግበታል፤ ከቅመሙ ጋር የአሳማ ስብ ሊገባ ይችላል። ሥጋውን አንስቶ ኑድሉን መብላት ምንም አይለውጥም። በኪዮቶ ሐላል ራመን የሚያቀርቡ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ዋጋቸው ከተማሪው ሰፈር ራመን ከፍ ይላል፤ በወር አንዴ ለናፍቆት ይሆናል።

ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ኑድል) እና ሶባ ርካሽና ፈጣን ናቸው። መረቃቸው ከደረቀ ዓሣና ከኮምቡ ስለሚወጣ አሳማ አይኖርበትም ቢባልም ሾዩና ሚሪን አለበት። በዚህ ጊዜ ካማአገ ኡዶን የሚባለውን ማዘዝ ይቻላል፤ ኑድሉ በሙቅ ውኃ ብቻ ይመጣና መጥለቂያው ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይቀርባል። መጥለቂያውን ትቶ በእንቁላል፣ በቀይ ሽንኩርት ቅጠልና በሰሊጥ መብላት ይቻላል። ጣዕሙ ይቀንሳል፤ አይካድም።

ጊዩዶን በሩዝ ላይ የሚደረግ ስስ የበሬ ሥጋ ነው። ከ1899 ጀምሮ ያለ ሰንሰለት ድርጅት ሳይቀር በ500 የን አካባቢ ይሸጠዋል፤ ተማሪ ይወደዋል። «የበሬ ነው እኮ» ብሎ መዘናጋት የለም፤ በቢስሚላህ ያልታረደ ከመሆኑም በላይ የተቀቀለበት ሶስ ውስጥ አልኮል ይገባል። ካሪ ራይስም እንዲሁ ያታልላል። የአትክልት ካሪ ቢባልም የካሪው መሠረት በስብ የረጋ ጡብ መሳይ ነገር ነው፤ ስቡም ብዙ ጊዜ የበሬ ወይም የአሳማ ነው።

ሱሺ ሲባል ውድ የሚመስለን ብዙ ነን። በ1958 ኦሳካ ውስጥ በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ ሳህን እየደረደረ የሚያቀርብ የመጀመሪያው ቤት ከተከፈተ ወዲህ ግን የተራ ሰው ምግብ ሆኗል። አንድ ሳህን ለብዙ ዓመታት 100 የን ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ጨምሯል። ተራ ጥሬ ዓሣ በሩዝ ላይ የሆነውን መምረጥ ይሻላል። ሶስ የተቀባውን እባብ መሳይ ዓሣ ኡናጊ፣ ጣፋጩን እንቁላልና የተዘፈዘፈውን የዓሣ እንቁላል መተው፤ የሩዙን ኮምጣጤም መጠየቅ ነው። ኦክቶፐስና ሽሪምፕን በተመለከተ የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ አይቸገርም፤ የሐነፊ መዝሀብ ተከታይ ግን ከዓሣ ውጭ ያሉትን የባሕር እንስሳት ጉዳይ አስቀድሞ ይጠይቅ። ክትፎ የለመደ ሰው «ጥሬ ዓሣ» ሲባል ለምን ፊቱን እንደሚያጨማድድ ግን አይገባኝም! ጥንቃቄው ሌላ ነው። አኒሳኪስ የተባለ ትል በማከሬል፣ በሳልሞንና በስኩዊድ ውስጥ ይገኛል፤ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር እንደሚለው ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ከቀዘቀዘ ወይም በ60 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ ከበሰለ ይሞታል። ነፍሰ ጡር እህቶች ጥሬውን ይተዉት፤ ሜርኩሪ ስለሚበዛበትም የትልልቅ ቱና ዓሣና ሰይፍ ዓሣ መጠን ይቀንሱ።

የእኔ ምርጫ ግን ከእነዚህ ሁሉ ሳባ ሺዮያኪ ነው። ማከሬል ዓሣ በጨው ብቻ ተጠብሶ ከሩዝ፣ ከቶፉና ከተከተፈ ጎመን ጋር ይቀርባል። ለልብ የሚጠቅመው የዓሣ ስብ በብዛት ያለበት ሲሆን ዋጋውም የተማሪ ነው። ስሙ በጥንቃቄ ይነበብ፤ «ሳባ ሚሶኒ» ከተባለ ያው ዓሣ በሚሶና በሳኬ የተቀቀለ ነው። አብሮ የሚመጣው ሾርባ ተራ ሚሶ ከሆነ መረቁ የዓሣ ነው፤ «ቶንጂሩ» ከተባለ ግን አሳማ አለበት። «ቶን» የሚል መነሻ ያለበት የምግብ ስም ብዙ ጊዜ (ቶንካትሱ፣ ቶንኮትሱ፣ ቶንጂሩ) አሳማን ያመለክታል። ናቶ የሚባለው የተብላላ አኩሪ አተር ርካሽ ፕሮቲን ነው፤ ሽታው እንደሚከብድ ከወዲሁ ይታወቅ። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት ናቶ መብላት የለበትም።

ጨው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ጃፓኖች በ2019 በተደረገ ብሔራዊ ጥናት በአማካይ 10 ግራም ገደማ ይወስዱ ነበር። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ራመን መረቁ እስከ መጨረሻው ከተጠጣ 6 ግራም ያህል ጨው ይሰጣል፤ ሐላል ራመንም ቢሆን ያው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሾዩ ከ2 ግራም ተኩል በላይ አለው። መረቁን በሳህኑ ውስጥ መተው ጨውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ማንም ቅር አይለውም። በተለይ በረመዷን ለሱሑር ጨዋማ ኑድል የበላ ሰው ቀኑን በውኃ ጥም ያሳልፋል። በታሸጉ ምግቦች ላይ የጨው መጠን «ሾኩየን» ከሚል ቃል ቀጥሎ በግራም ይጻፋል።

የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤቶች በዚህ ረገድ ያስመሰግናሉ። በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚተዳደሩት ካፍቴሪያዎች በየምግቡ ዝርዝርና በደረሰኙ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ነጥብ ያሳያሉ፤ ቀይ ለፕሮቲን፣ አረንጓዴ ለአትክልትና ፍራፍሬ፣ ቢጫ ለኃይል ሰጪ ምግብ። የጨው መጠኑም አብሮ አለ። ምሳ ከ500 እስከ 700 የን ባለው ይሟላል። በኪዮቶ ሪትሱሜይካን ዩኒቨርሲቲ በወላጆች ማኅበር ድጎማ በ100 የን ቁርስ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሐላል ተብለው የተለዩ ምግቦች አሉ፤ ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት የሙስሊም ተማሪዎችን ወይም የከተማውን መስጊድ ቢጠይቅ የትኛው መደርደሪያ እንደሆነ ይነግሩታል።

እንዴት ይጠየቅ?

«ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። አስተናጋጁ ቁራጭ ሥጋውን ብቻ ያነሳል፤ መረቁንና ስቡን ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም፤ አንዳንዱም ቤከንን አይቆጥርም። «አልኮል አለው?» ሲባልም መጠጥ የተጠየቀ መስሎት «የለም» ይላል። ስለዚህ በስም መጠየቅ ነው፤ «ቡታኒኩ ሃይቴ ኢማስ ካ?» (የአሳማ ሥጋ አለበት?)፣ «ራዶ ዋ?» (የአሳማ ስብስ?)፣ «ሚሪን ዋ?»። አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ በሦስት ማዕዘኑ የሩዝ ጥቅል ላይ «ሳኬ» ወይም «ሻኬ» ተብሎ ቢነበብ መጠጡ አይደለም፣ ሳልሞን ዓሣ ነው። ትልልቅ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች የአለርጂ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ የአሳማ ሥጋና ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ አሉ። አልኮልን ግን አያሳይም።

ማታ ማታ የሱፐርማርኬት ሠራተኞች በቀኑ ያልተሸጠ ሱሺና የተጠበሰ ዓሣ ላይ የግማሽ ዋጋ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ተማሪው ሁሉ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ጥሬው ዓሣ እዚያው ምሽት ይበላ እንጂ ለነገ አይቀመጥ። በርካሽ ሱቆች ከብራዚል የሚመጣ ሐላል ምልክት ያለው የቀዘቀዘ ዶሮ ይገኛል። መረቁን በቤት መሥራት ከባድ አይደለም፤ 10 ግራም ኮምቡ በአንድ ሊትር ውኃ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ጠዋት በቀስታ ማሞቅና ሳይፈላ ማውጣት ነው። በሚሪን ፈንታ ጥቂት ስኳር ይበቃል። ቶፉና ቆስጣ ቢጨመርበት የሁለት ሰው እራት ነው።

ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጃፓን የእንስሳት ሥጋ ውጤት ያለ የመንግሥት የምርመራ የምስክር ወረቀት አታስገባም፤ ለልጁ በፍቅር የተዘጋጀው ቋንጣ በአውሮፕላን ማረፊያው ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ በደንብ ታሽገው ይላኩ፤ ልጁም ሲደርስ ለፍተሻ ሠራተኞቹ ያሳውቅ። ምስር ግን መሸከም አያስፈልገውም፤ የደቡብ እስያ ሙስሊሞች የሚነግዱባቸው ሱቆች ውስጥ በኪሎ ያገኘዋል።